የታገደ ቼክና ያልታገደ ዕዳ

«ቼኩ ካልተከፈለ ፖሊስ ይመጣብኛል።» ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ላይ ፔይዴይ ሎን (ደመወዝ ሲገባ የሚከፈል፣ በቼክ የሚያዝ የአጭር ጊዜ ብድር) ወስዶ ደመወዙ የዘገየበት የአገራችን ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ይህንን ነው። ፍርሃቱን ይዞት የመጣው ከአገር ቤት ነው። በኢትዮጵያ ደረቅ ቼክ መጻፍ ወንጀል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖረው ቼክ የሚያወጣን ሰው በእስራት ይቀጣል።

የካሊፎርኒያ ሕግ እዚህ ላይ ሌላ ነው። አበዳሪው ቼኩን ሲቀበል ገንዘቡ ዛሬ ባንክ ውስጥ እንደሌለ ያውቃል፤ የሚይዘውም ደመወዝ እስኪገባ ነው። ስለዚህ የስቴቱ የፋይናንስ ሕግ ቼኩ ቢመለስ ተበዳሪውን በወንጀል ማስከሰስ ቀርቶ «አስከስስሃለሁ» ብሎ ማስፈራራትን እንኳ ይከለክላል። በሌላ የተመለሰ ቼክ ላይ ሊጠየቅ የሚችለው የሦስት እጥፍ ካሳም እዚህ አይሠራም። «ፖሊስ መንገድ ላይ ነው፣ አሁኑኑ ላክ» ብሎ የሚደውል ሰው ወይ ሕግ የጣሰ አበዳሪ ነው፣ ወይ አጭበርባሪ።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን የዚህ ግልባጭ የሆነው እምነት ነው፦ «ባንክ ሄጄ ቼኩን አሳገድኩ፤ ተገላገልኩ።» አልተገላገሉም። ስቶፕ ፔይመንት ባንኩ እንዳይከፍል የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ከአበዳሪው ጋር የተፈረመውን ውል አይነካውም።

ሒሳቡን እንየው። ቼኩ ከ300 ዶላር መብለጥ አይችልም፤ የአበዳሪው ክፍያም ከቼኩ 15 በመቶ አይበልጥም። 300 የጻፈ ሰው 255 ይዞ ይወጣል። ብድሩ ለሁለት ሳምንት ከሆነ ያቺ 45 ዶላር በዓመት ስትሰላ ወደ 460 በመቶ ትጠጋለች። ቼኩ ሲመለስ አበዳሪው ሊጨምር የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቢበዛ 15 ዶላር ነው፤ የመዘግየት ቅጣት አይፈቀድለትም። ባንኩ ለእገዳው ብዙ ጊዜ 30 ዶላር አካባቢ ስለሚወስድ፣ ዕዳው ሳይነካ ወጪው ይጨምራል።

እገዳውም ቀዳዳ አለው። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ በጽሑፍ ካልጸና በ14 ቀን ይወድቃል፤ የጽሑፉም ካልታደሰ በ6 ወር ያበቃል። አበዳሪው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከሂሳብዎ እንዲወስድ ፈርመው ከሆነ ደግሞ የቼኩን ቁጥር ማሳገድ ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱን በጽሑፍ ይሰርዙ፤ ባንኩንም ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድመው ያሳውቁ።

ቀኑ ሳይደርስ ለአበዳሪው «ጊዜ ስጡኝ» ማለት ይቻላል። እሺ የማለት ግዴታ የለበትም፤ እሺ ካለ ግን ለማራዘሚያው አንድ ሳንቲም መጨመር አይችልም። «45 ዶላር ክፈሉና ሁለት ሳምንት ይራዘም» የሚለው ሕገወጥ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ እቁብ የሚጥሉ ከሆነ ዕጣዎን እንዲያስቀድሙልዎ የእቁቡን ዳኛ መለመን ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ወለድ የለበትም።

«ደመወዜን ይይዙታል» የሚባለውስ? ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ አይችሉም። አደጋው ያለው መጥሪያው ሲመጣ ነው። አበዳሪው በአነስተኛ ክሶች ችሎት ሊከስ ይችላል፤ ተከሳሹ ከቀረ ዳኛው የአበዳሪውን ማስረጃ ብቻ አይቶ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ደመወዝም የባንክ ሂሳብም ሊያዝ ይችላል። ቼኩን ያሳገደ ሰው ነገሩ አልቋል ብሎ ፖስታውን ሳይከፍት ሲቀር እጅግ ያሳዝነኛል። እዚያ ችሎት ጠበቃ ለማንም አይቆምም፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሸማቾችና የንግድ ጉዳዮች መሥሪያ ቤትም በነፃ ያማክራል። ውሉንና የባንክ ወረቀቱን ይዘው ከቀረቡ፣ ዕዳው እውነት ቢሆን እንኳ በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲከፍሉ ዳኛውን መጠየቅ ይችላሉ።