መኪና ውስጥ የሚቀረው ወገን

የሰመር ወራት ሲገባ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖረው ሐበሻ መናፈሻውን ሁሉ ያጥለቀልቀዋል። የዕድሩ አባላት፣ የሰንበት ተማሪዎች፣ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የድሮ ትምህርት ቤት ጓደኞች ሁሉም በየተራቸው ከሰል ያቀጣጥላሉ። ጥብሱ ይጠበሳል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ኳሱ ይለጋል። በኦክቶበር ደግሞ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን መኪናው ተከታትሎ ወደ ሸነንዶዋ ተራራ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ከመኪናው የማይወርድ አንድ ወገን አይጠፋም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ፣ የሌላውን ጃኬትና ቦርሳ ታቅፎ ይቀመጣል። «እርስዎ እዚሁ አረፍ ይበሉ፣ እኛ ቶሎ እንመለሳለን» ተብሏል። ከቤት ጭራሽ ያልወጣው ደግሞ ከዚህ ይበዛል።

ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመውደድ የተነሣ ነው። እንዳይወድቁ፣ እንዳይደክማቸው፣ ሰው እንዳያፈጥባቸው ተብሎ ነው። ግን ከዚህ ሌላ ጮክ ተብሎ የማይነገር ነገርም አለ። አገር ቤት የልጅነት ልምሻ የመታውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ቤተሰብ ብዙ ነበር። ያ ጓዳ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቷል፤ እዚህ ስሙ አፓርትማ ሆነ እንጂ። የሚገርመው፣ ጓዳ ያልገባው የገጠር ልጅ በምርኩዙ ወንዝ ተሻግሮ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ ከብት ይጠብቅ፣ ገበያ ይወርድ ነበር። አሳንሰርና መወጣጫ በሞላበት አገር ግን የዚያው ልጅ ዓለም ከሶፋ እስከ ሐኪም ቤት ሆኖ ቀረ። ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ የልምሻ ብቻ አይደለም። በጦርነት አከርካሪው የተመታ አለ፣ በስኳር በሽታ እግሩን ያጣ አለ፣ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የያዘው አለ። ብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ወይም ምግብ ቤት ሲቆም የኖረው የስደተኛ ትውልድ እያረጀ በሄደ ቁጥር ከመኪና የማይወርደው ሰው ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አበበ በበረዶ ላይ

አካሉ የተጎዳ ሰው ከቤት ውጭ ምን ይሠራል ለሚል ሐበሻ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ የለም (እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በማርች 1969 በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ እግሮቹ መታዘዝ እንዳቆሙም ይታወቃል። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚያ ላይ ይዘጋዋል፤ «ምስኪን» ብሎ ከንፈሩን ይመጥና ያልፋል።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። አበበ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ በ1970 እዚያው በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሰለፈ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ለተመሳሳይ ውድድር በእንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ቀስቱንም ጠረጴዛ ቴኒሱንም ሞክሮ፣ በበረዶ ላይ በሚሄድ ጋሪ በተደረገው አገር አቋራጭ ውድድር አሸነፈ። የእንጦጦን አቀበት በእግሩ ያጠና ሰው የኖርዌይን በረዶ በክንዱ ቻለው። ያረፈው በኦክቶበር 1973 ነው። በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሮም ፎቶግራፉ ነው፤ የኖርዌዩ ቢሰቀል ምን ነበረበት?

በሩን ማን ከፈተው?

በአሜሪካ መናፈሻዎች የሚታየው መወጣጫና ሰፊ መጸዳጃ ቤት በመንግሥት ቸርነት የተገኘ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በ1968 የወጣ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዘዘ። በ1973 የወጣው ሕግ ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚነካው ማንኛውም አገልግሎት አካል ጉዳተኛን እንዳያገል ከለከለ። ይህ ሁለተኛው ሕግ ግን ማስፈጸሚያ ደንብ ሳይወጣለት ዓመታት አለፉ። በኤፕሪል 1977 ከ100 በላይ አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የፌዴራል ሕንፃ ገብተው አንወጣም አሉ። ሳምንታት እዚያው ወለል ላይ ተኝተው ደንቡን አስፈረሙ። በማርች 1990 ደግሞ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ጥለው የድንጋዩን ደረጃ በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። ከመካከላቸው የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። በጁላይ 26 ቀን 1990 ትልቁ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተፈረመ። ይኸው ሕግ፣ ብስክሌትና ሞተር በማይገባበት ጥብቅ ደን እንኳ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ዊልቸር ሊከለከል እንደማይችል ይናገራል።

እንግዲህ ሌላው ተስቦ የከፈተውን በር እያለፉ መኪና ውስጥ መቅረት ነው የሚያሳዝነው።

ካርዱ

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፣ ግን በማኅበረሰባችን ውስጥ እምብዛም ያልተሰማው፣ «አክሰስ ፓስ» የሚባለው የብሔራዊ መናፈሻዎች ካርድ ነው። ነዋሪው በዓመት 80 ዶላር የሚከፍልበትን መግቢያ፣ ቋሚ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው በነጻ፣ ለዕድሜ ልክ ያገኘዋል። የሚሠራው ከ2000 በላይ በሆኑ የፌዴራል መናፈሻዎች፣ ደኖችና ሐይቆች ነው። ክፍያው በመኪና በሚታሰብበት ቦታ ባለካርዱና አብረውት በመኪናው ያሉት ሁሉ ይገባሉ፤ በነፍስ ወከፍ በሚታሰብበት ደግሞ ባለካርዱና ሦስት አዋቂዎች። ድንኳን ተክሎ ለማደር በብዙ ቦታ ግማሽ ዋጋ ይቀነሳል። የግዛትና የካውንቲ መናፈሻዎች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው ካርዱ እዚያ አይሠራም።

ካርዱ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ነዋሪ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም፤ ግን ተስፋ አይቁረጥ። ከ430 በላይ ከሆኑት ብሔራዊ መናፈሻዎች አብዛኞቹ ጭራሹን የመግቢያ ክፍያ የላቸውም። ለማመልከት መታወቂያና ጉዳቱ ቋሚ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። የሐኪም ደብዳቤ ይበቃል፤ በአካል ጉዳት ምክንያት የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የዚያን ወረቀት ማቅረብ ይችላል። እንደ ሸነንዶዋ ባለ መናፈሻ መግቢያ ላይ በአካል ተገኝቶ የሚጠይቅ ያለ ክፍያ ይወስዳል። በኢንተርኔት ለሚያዝዝ የአገልግሎት ክፍያ ሊኖረው ይችላል። መቶ በመቶ ሽባ መሆን አያስፈልግም፤ መራመድን፣ ማየትን፣ መስማትን ወይም ሌላ ዋና የኑሮ ተግባርን በብርቱ የሚገድብ ቋሚ ጉዳት ይበቃል። ለጊዜው የተሰበረ እግር ግን አይቆጠርም። አጎቱን ቤት አስቀምጦ የአጎቱን ካርድ ይዞ ለሚሄድ ጎረምሳም አልተሠራም፤ ባለካርዱ ራሱ ከነመታወቂያው መገኘት አለበት። እንዲያውም ደግ ሆነ። አጎት ካልወጡ ነጻ መግቢያ የለም!

የት ይኬዳል?

በሸነንዶዋ ተራራ ጫፍ የሚሄደው የስካይላይን መንገድ 105 ማይል ነው። 43ኛው ማይል አጠገብ ሊምበርሎስት የሚባል የ1.3 ማይል የእግር መንገድ አለ። የደቀቀ ድንጋይ ተደልድሎበት፣ እርጥቡ ቦታ ላይ የእንጨት ድልድይ ተሠርቶለት፣ ለዊልቸር እንዲመች ሆኖ ጫካውን ይዞራል፤ በየመንገዱ ማረፊያ ወንበር አለው። አንድ ጊዜ እዚህ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ የነበራቸው ሄምሎክ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ነበሩ። መናፈሻው ከመቋቋሙ በፊት ዛፎቹ ሊቆረጡ ሲሉ አዲ ፖሎክ የተባለች ሴት ለአንዱ ዛፍ 10 ዶላር እየከፈለች መቶውን አድናቸው ነበር። ከመጋዝ የተረፉትን በኋላ ዓይን የማይሞላ ነፍሳት ጨረሳቸው። ጫካው ግን ሌላ ዛፍ አብቅሎ ቀጥሏል፤ በጁን ወር ቁጥቋጦው ነጭና ሮዝ ያብባል።

ለከተማው ቅርብ የሚፈልግ በቨርጂኒያ በኩል ወዳለው የግሬት ፎልስ መናፈሻ ይሂድ። ፏፏቴውን ከሚያሳዩት ሦስት ሰገነቶች ሁለተኛውና ሦስተኛው ለዊልቸር የተመቹ ናቸው፤ የመጀመሪያው አይደለም። ከጆርጅታውን ተነሥቶ 184.5 ማይል የሚጓዘው የድሮው ቦይ ዳር መንገድም ሜዳ ነው፤ አፈር ስለሆነ ግን ዝናብ በዘነበ ማግስት ጎማ ይይዛል። ባሕር ለናፈቀው፣ አሳቲግን በመሳሰሉ የባሕር ዳርቻዎች አሸዋ ላይ የሚንሳፈፍ ወፍራም ጎማ ያለው ወንበር በነጻ ይዋሳል፤ ብዛቱ ውስን ስለሆነ አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል።

በሌላ ግዛት ያሉ ወገኖችም አልተረሱም። ዴንቨር አጠገብ በሚገኘው ስታውንተን መናፈሻ ከ2017 ጀምሮ፣ በጆርጂያና በሚኒሶታ የግዛት መናፈሻዎች ከ2022 ጀምሮ፣ እንደ ዶዘር በሰንሰለት የሚሄድ የኤሌክትሪክ ወንበር በቀጠሮ በነጻ ይሰጣል። ድንጋዩንም ጭቃውንም ይረግጣል።

«ለዊልቸር ይመቻል» የሚለውን ቃል ብቻ ማመን ግን አይገባም። ከ2013 ወዲህ በወጣው የፌዴራል ደንብ መሠረት እንዲህ ተብሎ የሚሠራ አዲስ የእግር መንገድ ስፋቱ ቢያንስ 36 ኢንች መሆን አለበት። አቀበቱ በመቶ እርምጃ ከአምስት እርምጃ ካልበለጠ ርዝመቱ አይገደብም፤ ከዚያ ከበለጠ በአጭር በአጭሩ ማረፊያ ይኖረዋል። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ርዝመቱን፣ የመሬቱን ዓይነት፣ ስፋቱንና አቀበቱን መናገር አለበት። ሰሌዳውን ማንበብ፣ ቀድሞም ለሬንጀሩ ደውሎ «የቅርብ ጊዜ ዝናብ መንገዱን አጥቦታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ቀን ድካም ያድናል።

ስለ ሰውነት ጥቂት

በልጅነት ልምሻ የያዘው ሰው ብርታቱን ለማሳየት መሽቀዳደም የለበትም። ከበሽታው ብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ ድካም፣ የጡንቻ መላላትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ሲደክም ማረፍ እንጂ ጥርስ ነክሶ መቀጠል ይጎዳል። በክራንች ብዙ ዘመን የሄደ ትከሻም ያልቃል። «ዊልቸር ላይ ከተቀመጥኩ ተሸነፍኩ» የሚል አባት አለ፤ ግን በክራንች መቶ ሜትር ሄዶ መኪና ውስጥ ከመመለስ በዊልቸር አንድ ማይል መሄድ ይሻላል።

አከርካሪው ላይኛው ክፍል የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች በደንብ ስለማያልበው በሙቀት ቶሎ ይጎዳል። ጥላ፣ ብዙ ውኃና የሚረጭ ጠርሙስ ይያዝለት። ስሜት የሌለው እግር ላይ የቡና ፔርሙዝ ማስቀመጥ ሳይታወቅ ያቃጥላል። ከወንበሩ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ከፍ ወይም ዘንበል ማለት ቁስልን ይከላከላል። ማታ ቤት ሲገቡ እግርን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክል መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ሲነክስ የማይሰማው ሰው በዓይን ካልፈለገው አያገኘውም። ተራራው ላይ ከሸለቆው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ልምሻ የመታው እግር ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይበርደዋል። ጋቢ ጥሩ ነው፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ይጠቅለል።

የቀረው ሥራ የፒክኒክ አዘጋጆች ነው። ዳስ ሲከራዩ የሚጠይቁት ስለ ከሰል ምድጃውና ስለ ኳስ ሜዳው ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዳሱ ንጣፍ አለ ወይስ ሣር? ዊልቸር ከሥሩ የሚገባ ጠረጴዛ አለ? መጸዳጃ ቤቱ ስንት ደረጃ አለው? የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይጠየቁ። መልሱ ካላማረ ያው ካውንቲ ሌላ መናፈሻ አያጣም። ለአካል ጉዳተኞች ቤት ድረስ የሚመጣው የሕዝብ ማመላለሻ ሸነንዶዋ ድረስ ስለማይሄድ፣ ዊልቸር የሚታጠፍበት ሻንጣ ያለው መኪና ማን እንደሚያመጣ ቀድሞ ይወሰን። ከሁሉ በፊት ደግሞ የት መሄድ እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይጠየቁ፤ ከፏፏቴው ይልቅ ዓሣ ማጥመጃው ሊያምራቸው ይችላል።

የሸነንዶዋ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ የሚደምቀው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በዚያ ሰሞን ቅዳሜና እሑድ መግቢያው ላይ ያለው የመኪና ሰልፍ ረጅም ነው። ታክሲ ለሚነዳና ምግብ ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ሰኞና ማክሰኞ ይመቻል፤ የሊምበርሎስት መኪና ማቆሚያ ቶሎ ስለሚሞላ ጠዋት በጊዜ መነሣት ነው።