የጋራ ደረጃና ባለ ባትሪ ወንበር

በምሥራቃዊ አዲስ አበባ፣ በሲኤምሲና በአያት መካከል መሪ የሚባል ሰፈር አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ የቀላል ባቡር መስመር ሲዘረጋ ጣቢያ ከተሠራላቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። በመሪና በአካባቢው፣ እንዲሁም እንደ አያትና እንደ የካ አባዶ ባሉት መንደሮች፣ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩት አንዱ በሌላው ላይ በተነባበሩ ቤቶች ውስጥ ነው። በእንዲህ ዐይነቱ ቤት ግድግዳው የጋራ ነው፤ ግቢው የጋራ ነው፤ ደረጃውም የጋራ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎረቤት በደረጃው ሥር የሚያኖረው ዕቃ የሌላውን ሁሉ ሕይወት ይነካል።

ከነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ውስጥ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት አዛውንት ይኖራሉ እንበል። በውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው በባትሪ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ላኩላቸው። እማማ ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ይወጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከእድራቸውም አይቀሩም። ነገር ግን ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ወንበሩን ማታ ማታ ከደረጃው ሥር ያቆሙታል። በመስኮታቸው በኩል ሽቦ አውጥተውም ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ሲሞላ ያድራል። ከጎረቤቶቻቸው ግማሹ «ይህ ነገር ያቃጥለናል፤ ከግቢው ይውጣ» ይላል። የቀረው ደግሞ «ዝም በሏቸው፤ ያሳዝናሉ» እያለ ያልፋል።

ከሁለቱ ወገኖች ትክክለኛው የትኛው ነው? እያንዳንዳቸው የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። የመጀመሪያዎቹ አደጋ መኖሩን ያውቃሉ፤ ይሁን እንጂ ወንበሩ ለእማማ እግራቸው መሆኑን ዘንግተዋል። ሁለተኛዎቹ ያዝናሉ፤ ይሁን እንጂ ሐዘኔታ ብቻውን እሳት አይከለክልም። እውነቱን ሙሉ ለማድረግ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለ ባትሪ ተሽከርካሪ ኃይሉን የሚያገኘው ከመቀመጫው ሥር ከተቀመጡ ባትሪዎች ነው። እነዚህም በአብዛኛው ከሁለት ዐይነቶች አንዱን ናቸው።

የመጀመሪያው ነባሩ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ይህን የፈለሰፈው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ በየመኪናው ውስጥ የምታዩት ባትሪም የዚሁ ዘር ነው። በውስጡ የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ድብልቅ ተነክረው ይገኛሉ። ባትሪው ከልክ በላይ ኃይል ሲሞላ ውሃው ይከፋፈልና ሃይድሮጂን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጂን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከአየር ስለሚቀልም ሽቅብ ይወጣል። በታፈነ ቦታ ተጠራቅሞ ከአየሩ መጠን 4 በመቶ ያህል ሲደርስ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ልታቀጣጥለው ትችላለች። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠሩት ባትሪዎች የታሸጉ በመሆናቸው የሚያወጡት ጋዝ ጥቂት ነው። ሆኖም የማይስማማቸው ኃይል መሙያ ከተገጠመላቸው እነሱም ጋዙን ያስወጣሉ።

ሁለተኛው የሊቲየም ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በእጅ ስልክ ውስጥ የሚገኘውም ይኸው ነው። ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች ለዚህ ባትሪ መገኘት ባበረከቱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የሊቲየም ባትሪ ቀላል ነው፤ ብዙ ኃይልም ይይዛል። ነገር ግን በውስጡ ያሉት ሁለት ተቃራኒ ወገኖች የሚለያዩት በስስ ገለፈት ብቻ ነው። ባትሪው ወድቆ ከተጎዳ፣ ከልክ በላይ ከሞላ ወይም ከጋለ ይህ ገለፈት ይበሳል። ያን ጊዜ ሙቀት ሌላ ሙቀትን ይወልዳል፤ አንዱ ክፍል ጎረቤቱን ያግላል፤ የሚቀጣጠል ጋዝና መርዛም ጭስም ይወጣል። እሳቱ ጠፋ ሲባል ተመልሶ የሚነሣበት ጊዜም አለ።

ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሡ የእሳት አደጋዎች 18 ሰዎች ሞተዋል። በዚያች ከተማ ለአደጋው ዋና ምክንያት የሆኑት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ብስክሌቶችና ስኩተሮች እንጂ የአካል ጉዳተኞች ወንበሮች አልነበሩም። ቢሆንም ከነገሩ የምንማረው አለ። ይኸውም፣ ባትሪ በመኖሪያ ሕንፃ መውጫ ላይ ሲቃጠል የሰዎቹን ማምለጫ አስቀድሞ ይዘጋል። ጭስ ሽቅብ የሚወጣ ነገር ነው፤ የተዘጋ የደረጃ ቤት ደግሞ ለጭስ እንደ ጭስ ማውጫ ቱቦ ያገለግለዋል። በአራተኛው ፎቅ ያለ ሰው ወርዶ ሊያመልጥ የሚችለው ጭሱ በሚወጣበት በዚያው መንገድ ነው። በአንዳንድ ሕንፃዎች ደረጃው ለአየር ክፍት ስለሆነ የጭሱ ጉዳት ይቀንሳል፤ ቢሆንም በጨለማ በሚሮጡ ሰዎች እግር ሥር የቆመ ወንበር በራሱ መሰናክል ነው። ስለዚህ ከደረጃ ሥር ባትሪ መሙላት ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ሽቦው እንመለስ። ብዙ ሰዎች «ወንበሩ የግቢውን መብራት ይጨርሳል» ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት በሒሳብ ሲፈተን ይወድቃል። በ24 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ኃይል መሙያ ለባትሪው የሚያቀርበው 120 ዋት ነው። በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነው ሲጨመርበት ከግድግዳው የሚስበው 150 ዋት ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ባትሪው 40 አምፔር–ሰዓት የሚይዝ ቢሆን፣ ባዶ ከሆነበት እስኪሞላ የሚወስደው ኃይል ከነብክነቱ 1,200 ዋት–ሰዓት ገደማ ነው። ይህም ምጣዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሚፈጀው ጋር ይተካከላል። እንግዲህ የእማማ ወንበር ሙሉ ቀን የሚሄድበት ኃይል ጥቂት እንጀራ ከሚጋገርበት ኃይል አይበልጥም ማለት ነው።

ታዲያ አደጋው ከየት ይመጣል? ከአጠቃቀሙ ነው። ምጣዱ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ብዙዎቹ ርካሽ ኤክስቴንሽኖች ግን ከ10 አምፔር በላይ እንዲሸከሙ አልተሠሩም። የወንበሩ ኃይል መሙያና ምጣዱ በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሲሰኩ ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳትም ይነሣል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው። በመስኮት የሚወጣ ሽቦ ደግሞ በክረምት ዝናብ ይመታል፤ በመስኮቱ መዝጊያ ይቀረጠፋል፤ የልጆች እግርም ይጠልፋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ደንቦች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ባትሪው ከተሽከርካሪው ጋር በመጣው ወይም ለእርሱ ተስማሚ መሆኑ በተረጋገጠ ኃይል መሙያ ብቻ ይሞላ። የእርሳስ ባትሪ መሙያ ለሊቲየም፣ የሊቲየምም ለእርሳስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ኃይል መሙያው በቀጥታ በግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካ። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ያለው፣ መሥመሩም የራሱ ብሬከር ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ባትሪው ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይሞላ። 40 አምፔር–ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢጎድል በ5 አምፔር ለመሙላት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ከማታው 12 ሰዓት የተሰካ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት ይነቀላል ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን መቆየት ስለሚጎዳው፣ ፈጽሞ እስኪያልቅ ከመጠበቅ ይልቅ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት መሙላት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሰሜኑ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚወጣበት ከተማችን ዳገት የሚወጣ ወንበር ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ ይህን ማስታወስ ይገባል።

አራተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል መሙያው ይነቀል። መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስም ተመልሶ አይሰካ፤ በሚመለስበት ጊዜ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላልና።

አምስተኛ፣ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ የሚያፈስ፣ ያልተለመደ ሽታ ያለው ወይም ከልክ በላይ የሚግል ባትሪ ፈጽሞ አይሞላ። ከቤት ውጭ፣ ከሰውና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ፤ ባለሙያም ይጠራ።

ደንቦቹ ከታወቁ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የቦታ ነው። በብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት አለ። አንዳንዶች ወንበሩን ወደዚያ ለመውሰድ ያስባሉ። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ውሃ ይፈስሳል፤ ከሰልም ይነዳል። ውሃ የኤሌክትሪክ ጠላት ነው፤ ፍም ደግሞ የሃይድሮጂን ጠላት ነው። ስለዚህ የሚሻለው በምድር ላይ፣ ከደረጃውና ከዋናው መውጫ ራቅ ብሎ፣ በብሎኬት ግንብ የተከለለ ትንሽ ክፍል ማዘጋጀት ነው። ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ፣ ግድግዳው ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ያለው፣ ወለሉም ደረቅ ይሁን። ከላይ ቀዳዳ የሚያስፈልገው ሃይድሮጂን ሽቅብ ስለሚወጣ ነው። መግቢያው ከፍታ ካለው ዘንበል ያለ መወጣጫ ይሠራለታል። ለዚህ በሰፊው የሚሠራበት ልክ አንድ ለዐሥራ ሁለት ነው፤ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የመወጣጫው ርዝመት 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ወጪው እንዳያጨቃጭቅም ለክፍሉ ለብቻው ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል።

ይህን የሚወስነው ማን ነው? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370፣ ከየግል ቤቱ ውጭ ያለውን የሕንፃ ክፍል የጋራ መጠቀሚያ አድርጎ ደንግጓል። ባለቤቶቹም በማኅበራቸው አማካይነት እንዲያስተዳድሩት አድርጓል። እንግዲህ ደረጃው የእማማ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ ግቢውም የተቃዋሚዎቻቸው ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ የማድረግ ግዴታ አለበት። «ወንበሩ ይውጣ» የሚለው ውሳኔ በተዘዋዋሪ «ሴትዮዋ አይውጡ» ማለት ነው።

ከሁሉ ጥንቃቄ በኋላ እሳት ቢነሣስ? ባትሪ ሲጨስ ወይም ሲያፏጭ ብታዩ አትጠጉት። በመንገዳችሁ ያለውን በር ዝጉ፤ ጎረቤቶቻችሁን በጩኸት አስጠንቅቁ፤ ወደ ውጭ ውጡ። ከዚያም በ939 ለአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ደውሉ፤ የሚቃጠለው ባትሪ መሆኑንም ንገሩ። በየፎቁ መራመድ የማይችል ሰው ማን እንደሆነና ማን እንደሚደግፈው ጎረቤቶች አስቀድመው ሊስማሙ ይገባል። በዚያች ሰዓት ለመመካከር ጊዜ አይኖርምና።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በባትሪ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች እየበዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ በእማማ ወንበር የተነሣው ጥያቄ ነገ በየግቢው ይነሣል። ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ትንሿን ክፍል ቢሠሩላቸው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያተርፋሉ፤ ለእርሳቸው እግራቸውን፣ ለራሳቸው ደግሞ ደረጃቸውን። አደጋን የሚያርቀው የሚያስፈራንን ነገር ማባረር ብቻ አይደለም፤ ጠባዩን ዐውቆ ተገቢውን ቦታ መስጠትም ነው።

መልመጃ

1. ከደረጃ ሥር ባትሪ መሙላት የማይገባበትን ሁለት ምክንያት ከምንባቡ አውጥታችሁ በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ» እና «ስለዚህ» የሚሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ምን ምን ሐሳቦችን እንደሚያያይዙ አስረዱ።

3. «መሪ» በምንባቡ ውስጥ የቦታ ስም ነው። ቃሉ ያሉትን ሌሎች ሁለት ፍቺዎች እያሳያችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

4. በምትኖሩበት ግቢ ወይም ሰፈር ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት፣ ነገር ግን አደጋ ያለበት አንድ ቦታ ምረጡ። አደጋው ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ የሚገልጽ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።