በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት የመኪና ዕቃ ማስቀመጫ

ከጅማ ተነሥቶ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚጓዝ አሮጌ የቤት መኪና ጎማው ቢተነፍስ፥ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ከኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ክዳን እንቢ ካለ መንገደኛው ከመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የብልሽቱን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል እንላለን።

መቆለፊያው ሁለት ክፍል አለው፤ ይኸውም ክዳኑን የሚይዝ የብረት መንጠቆና መንጠቆውን የሚያስለቅቅ በ12 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ ነው። የተበላሸው የትኛው እንደ ሆነ ድምፅ ያመለክተናል። በሾፌሩ አጠገብ ያለውን መክፈቻ ስንጫን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ መንጠቆውን ያደረቀው የመንገድ አቧራና የክረምት ዝገት ነው። ክዳኑን በመኪናው ቁልፍ ከፍቶ፥ መንጠቆውን በነጭ ጋዝ አጥቦ ግራሶ መቀባት ይበቃል።

ድምፅ ከሌለ ግን አስቀድመን ፊውዙን፥ ቀጥሎም በክዳኑ ማጠፊያ አጠገብ የሚያልፈውን ሽቦ እንመርምር፤ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር እየታጠፈ ከልባሱ ውስጥ ይበጠሳልና። ሽቦውን ከመቀጠል በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ መፍታት ያስፈልጋል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ክዳኑን ወዲያው መዝጋት አይገባም። የተፈታውን ገመድ መልሰን፥ ክዳኑ ክፍት እንዳለ መንጠቆውን በካቻቢቴ ቈልፈን፥ መክፈቻው ሲያስለቅቀው ካየን ያን ጊዜ እንዝጋው።