ለሁሉም መቀመጫ ያለው ቤት

ረመዳን ሊገባ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየቤቱ የሚታየው ሽር ጉድ የታወቀ ነው። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ፀሐይ ይወጣል፣ መጋረጃ ወርዶ ይታጠባል፣ ግድግዳ ይወለወላል። አቅም የፈቀደለት ቀለም ይቀባል። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ቴምሩ፣ መስገጃው፣ ምንጣፉና የመጅሊስ ጨርቁ ጎን ለጎን ይደረደራል። ዕቁቡ ከጾሙ በፊት እንዲደርሰው ሰብሳቢውን የሚለማመጥም አይጠፋም። ሰው ሁሉ የተከበረውን ወር አምሮ ባማረ ቤት ሊቀበል ይፈልጋል።

ፍላጎቱ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከግዢው በኋላ ነው። አዲሱ ሶፋ ሳሎኑን ይሞላዋል፤ ጠረጴዛው መተላለፊያ ያሳጣል፤ ቡፌው የመስኮቱን ግማሽ ይጋርዳል። አዛን ሲደርስ አባወራው ሶፋው ላይ፣ እንግዶቹ ከአጠገቡ፣ ልጆቹ መኝታ ቤት ይሆናሉ። እናት ደግሞ በአንድ እጇ ቴምር፣ በሌላው ጭልፋ ይዛ ምድጃው ሥር ቆማ ታፈጥራለች። ቤቱ አምሯል፤ ለሚኖሩበት ሰዎች ግን አልተመቸም።

«ቤት ለእንግዳ» ማለት የቆየ ወጋችን ነው። ለቤተኛውስ? ይህ ጥያቄ በረመዳን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይጠብቃል። በዚህ ወር ቤቱ በአንድ ቀን ውስጥ መስገጃም፣ ምግብ ቤትም፣ የእንግዳ ማረፊያም፣ ሌሊት የሚነቃበት መኝታም ይሆናል። በቅዱስ ቁርአን አን-ነሕል (የንብ) ምዕራፍ 80ኛው አንቀጽ ላይ ቤት ለሰው ልጅ የተሰጠ ማረፊያ ሆኖ ተወስቷል። ስለዚህ ቤት ሲሰናዳ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን የት ያርፋል?» የሚለው ነው።

ሐረር የመለሰችው ጥያቄ

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልስ የሰጠ ቤት በአገራችን አለ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጁገል ውስጥ የሚገኘው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ «ጌይ ጋር» ነው። ከውጭ ሲያዩት ግንቡ ድፍን፣ በሩ አንድ፣ ጌጡ ጥቂት ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ዋናው ክፍል ውስጥ ወንበርና ሶፋ የሚባል ነገር የለም። በምትኩ ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ እያለ በአምስት መደቦች ተከፍሏል። ሐረሪዎች እነዚህን መደቦች «ነደባ» ይሏቸዋል። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው። ሰፊው ጊዲር ነደባ እንግዶችን ይቀበላል። ዝቅ ያለው ጢት ነደባ፣ ከዕይታ ገለል ያለው ሱትሪ ነደባ እና ከበሩ ጀርባ ያለው ገብቲ ኧሒር ነደባ ደግሞ የየራሳቸው ባለቤትና አገልግሎት አላቸው። ከጎን ያለችው «ኪርታት» የምትባለው ትንሽ ክፍል በባህሉ ለሙሽሮች የምትለይ ናት።

መደቡ ምንጣፍና ትራስ ሲደረግበት ቀን ይቀመጡበታል፣ ይበሉበታል፤ ማታ ይተኙበታል። አንዱ ቦታ የሦስት ዕቃ ሥራ ይሠራል። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ቁርአኑን፣ መጻሕፍቱንና የቤት ዕቃውን ይይዛሉ። ሴቶቹ በእጃቸው የሰፏቸው ስፌቶች ከግድግዳው ላይ ተሰቅለው ጌጥ ይሆናሉ፤ ሲፈለጉም ወርደው ያገለግላሉ። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ስለሚያዘገየው ጾመኛ ከውጭ ሲገባ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ይቀበለዋል።

የማዕረግ ልዩነቱ በዘመናችን ዓይን ሊያከራክር ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ በሩ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው ሳይቀር ታስቦለታል። ያለ ቦታው የሚንከራተት፣ «የት ልሁን?» የሚል ሰው አይኖርም። የዛሬው የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮም ሆነ የቀበሌ ቤት ነደባ ባይኖረውም ይህን ሐሳብ መዋስ ይችላል።

መጀመሪያ ማውጣት

ጠባብ ቤትን ለማመቻቸት የመጀመሪያው ሥራ ከቤት ማውጣት ነው። ዓመት ሙሉ ያልተቀመጡበት ወንበር፣ የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ አልጋ ሥር የተሸጎጠ ካርቶን፣ ልጆቹ ያለፋቸው ልብስና ጫማ ሁሉ ቦታ ይበላል። ረመዳን የምጽዋት ወር ነው። የሚያገለግለው ታጥቦና ተስተካክሎ ለሚያስፈልገው ቢሰጥ፣ ሰጪው ሰደቃም ቦታም ያገኛል። የማያገለግለው ለቁራሌው ይሂድ።

ቀጥሎ የቀረውን ዕቃ አንድ በአንድ መመልከት ነው። የመስኮት ብርሃን የጋረደ ቡፌ ወደ ጎን ይሽሽ። የበርን መከፈት የሚያግድ ወንበር ይነሳ። ሰው በጨለማ ለሱሁር ሲነሳ ሳይደናቀፍ ከመኝታ ወደ ወጥ ቤትና ወደ መታጠቢያ የሚደርስበት መንገድ ይኑር። ለውዱእ የሚታጠቡበት ወለል ደረቅ ጨርቅና የማያንሸራትት ምንጣፍ ቢኖረው፣ በተለይ ለአረጋውያን ከመውደቅ ያድናል።

ወለሉም ወንበር ነው

ሁለት ሦስት ሰው የሚይዝ ሶፋ የሚወስደው ቦታ ላይ፣ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ ቢዘረጋ አምስት ስድስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል። መጅሊስ በብዙ ቤቶች የተወደደው ለጌጡ ብቻ አይደለም። አዲስ መግዛት ግድ አይልም። ያለው ጠንከር ያለ የስፖንጅ ፍራሽ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ከጀርባው ትራስ ቢደረግለት ያው ነው። መሐሉ ላይ ሱፍራ ተዘርግቶ ማዕድ ይቀርባል፤ ሲያበቃ ሱፍራው ይታጠፍና ቦታው ለሰላት ይለቀቃል። ሌሊትም ለመጣ ዘመድ መኝታ ይሆናል። ፍራሹን በሳምንት አንድ ቀን ፀሐይ ማስመታት እርጥበትና ሽታ እንዳይዝ ይረዳዋል።

ወለል ላይ መቀመጥ ግን ለሁሉም አይሆንም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ወገቡን የታመመ ሰው ከወለል ለመነሳት ይቸገራሉ። ለእነርሱ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ከማዕዱ ክብ ሳይርቅ ይቀመጥ። ወንበሩ ጥግ ከተጣለ አያትየው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ።

የሰላት ጥግ

አንድ ሰው ለመስገድ የሚያስፈልገው ቦታ ትንሽ ነው፤ ሰባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርድና አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ርዝመት ይበቃዋል። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የመዲና መኖሪያ ክፍሎች ጠባብ እንደነበሩ የታወቀ ነው። በሌሊት ሲሰግዱ እናታችን ዓኢሻ ለሱጁዳቸው ቦታ ለመልቀቅ እግራቸውን ይሰበስቡ እንደነበር በቡኻሪ የሐዲሥ ስብስብ ተዘግቧል።

ዋናው ቦታው የተለየና ሁልጊዜ ንጹሕ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ከሐረር ደግሞ ወደ ሰሜን ሆኖ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። አቅጣጫው አንዴ በትክክል ከታወቀ ግድግዳው ላይ ትንሽ ምልክት ማድረግ እንግዳን ከመጠየቅ ያድናል። ከፍ ያለች መደርደሪያ ለቁርአን፣ አንዲት መስቀያ ለመስገጃና ለሒጃብ ከኖሩ ጥጉ ተሟላ። ቴሌቪዥን ከዚህ ጥግ ፊት ለፊት ባይቀመጥ ይመረጣል።

ብርሃን፣ አየርና ጭስ

ሌሊት ለሱሁር ሲነሱ የጣሪያውን ደማቅ ነጭ አምፖል ማብራት የተኙትን ሕፃናት ያስነሳል፤ የነቃውንም ሰው ከፈጅር በኋላ ተመልሶ እንዳይተኛ እንቅልፍ ይነሳዋል። ብርሃኑ ቢጫማ የሆነ፣ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ አንድ አነስተኛ መብራት ለሱሁር ይበቃል። ከኢፍጣር በኋላም ቤቱን ረጋ ያለ ስሜት ይሰጠዋል።

አየር ሌላው ጉዳይ ነው። በረመዳን ማታ የሳምቡሳው ዘይት፣ የሽንኩርቱ ቁሌት፣ የሾርባው እንፋሎት፣ የቡናውና የእጣኑ ጭስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደራረባሉ። ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወይም መስኮትና በርን ለጥቂት ደቂቃ አብሮ መክፈት፣ አንዱን ብቻ ለረጅም ጊዜ ከመክፈት ይሻላል፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣልና።

ከሰል ግን ከሽታ ያለፈ አደጋ አለው። ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ናቸው። ጾመኛ ሰው እነዚህን ሲሰማው «ጾሙ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ንጹሕ አየር ማግኘት፣ ካልተሻለም ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ከሰሉ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ይቀጣጠል፤ ቡናውና እጣኑ ሲያበቃም ማንደጃው ከቤት ይውጣ። የተዳፈነ ከሰል ባለበት ዘግቶ መተኛት ሕይወት ያሳጣል። ቤት በእጣን መታጠኑ ደስ ይላል፤ ሆኖም አስም ያለበት ሰው ወይም አራስ ሕፃን ካለ ጥቂት ይበቃል፣ መስኮቱም ይከፈት።

ግድግዳው የጋራ ነው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። ለሱሁር ወንበር መጎተት፣ ሙቀጫ መውቀጥ፣ የስልክ ማንቂያን ሳያጠፉ መተው ከታች ያለውን ጎረቤት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። የሚወቀጠው ቀን ይወቀጥ፤ የወንበር እግር ጨርቅ ይታሰርለት። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን ውለዋል። በአንድ ደረጃ ላይ አንዱ ለሱሁር፣ ሌላው ለኪዳን ሲነሳ መተያየት የአገራችን ወግ ነው። ማታ አንድ ሳህን የጾም ሳምቡሳ ለጎረቤት ማሻገር ቤትን ከግድግዳው አልፎ ያሰፋዋል። ጎረቤቱ የሚጠብቅለት ቤት ደግሞ ያለ ሥጋት ይታደርበታል።

ወጥ ቤት ያለችው ሰውስ?

ይህ ሁሉ ተሟልቶ አንዲት ሴት ቆማ የምታፈጥር ከሆነ ቤቱ ገና አልተሰናዳም። በብዙ ቤት ጾመኛዋ እናት ከዙህር ጀምሮ እሳት ዳር ናት። የምትቀመጠው ሌላው ጠግቦ ለተራዊህ ሲነሳ ነው። ልጃገረዶቹና የቤት ሠራተኛዋም እንደዚያው ናቸው። ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ከማዕዱ ላይ መቀመጫ የላትም፤ ድርሻዋን ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ሆና ትበላለች።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የሳምቡሳው ሊጥና ምስሩ በሳምንቱ መጨረሻ በቤተሰብ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ካለ ይቀመጥ፤ ከሌለም ከቀትር በኋላ ልጆች ሁሉ ወንዶቹም ጭምር ተሰብስበው ይጠቅልሉት። የሚቀርበው ዓይነት ይቀንስ፤ ቴምር፣ ውኃ፣ ሾርባና አንድ ምግብ ለማፍጠሪያ ይበቃል። ከመግሪብ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ምድጃው ይጥፋ የሚል ደንብ ይውጣ። ሱፍራ መዘርጋትና ማንሳት፣ ብርጭቆ ማጠብ የሌሎቹ ሥራ ይሁን። ከማዕዱ ዙሪያ ደግሞ የእናትየውና የሠራተኛዋ ትራስ አስቀድሞ ይቀመጥ። ቦታው ተለይቶ ከታወቀ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት «የእሷ ነው» የሚል ይገኛል።

ቤቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ሶፋው ከየት እንደተገዛ ከጥቂት ቀን በኋላ ማንም አያነሳውም። ልጆች አድገው የሚያስታውሱት በአዛን ሰዓት ማን ከአጠገባቸው ተቀምጦ እንደነበር ነው። ስለዚህ በዚህ ረመዳን ማታ፣ ቴምሩ ከመነሳቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ ቤታችሁን ተመልከቱ። የቆመ ሰው ካለ ጠጋ በሉለት።

ረመዳን ከሪም!