ያውቁ ኖሯል? ፊሽካ የሌለበት ውድድር

በአብዛኛው የሸራ ጀልባ ውድድር ውሃው መሐል ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ እንደሌለ ያውቁ ኖሯል? ደንቡን የሚያስከብሩት ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ሌላውን ጀልባ ያሰናከለ ሰው ማንም ሳያዘው ሁለት ሙሉ ዙር ተሽከርክሮ ራሱን ይቀጣል። የመዞሪያ ምልክቱን ብቻ የነካ አንድ ዙር ይበቃዋል። እግር ኳስ ላይ ቢሞከር ምን ይፈጠር ነበር?

ነፋሱ በተቃራኒ ጎን የሚመጣባቸው ሁለት ጀልባዎች ሊጋጩ ሲሉ መንገድ የሚለቀው ነፋሱ በግራ ጎኑ የሚመጣበት መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል?

ተበደልኩ የሚል ጀልባ ወዲያውኑ «ፕሮቴስት!» ብሎ መጮኽ አለበት። ርዝመቱ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ባንዲራም ያወጣል። ወደብ ከደረሱ በኋላ «ለካ ተበድያለሁ» ብሎ ክስ ማስያዝ አይሠራም።

የባንዲራ መዘግየት ስንት እንደሚያስከፍል እንግሊዛዊው ቶማስ ሶፕዊዝ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 «የአሜሪካ ዋንጫ» በተባለው የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ «ኢንዴቨር» የተባለችው ጀልባው 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ፣ በአራተኛው ውድድር ከሃሮልድ ቫንደርቢልት «ሬይንቦው» ጋር ተጋፋች። ሶፕዊዝ የክስ ባንዲራውን ያወጣው ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ነበር። ኮሚቴው ዘግይተሃል ብሎ ክሱን ሳይሰማ መለሰው፤ ዋንጫውም 4 ለ 2 አመለጠው። የሚገርመው፣ ለዛሬው የውድድር ደንብ መሠረት የሆነውን ረቂቅ ኋላ ያዘጋጀው ያው ቫንደርቢልት ነው።

የክሱ ችሎት ላይ ባለጉዳዮቹ ትንንሽ የጀልባ ቅርጾችን ጠረጴዛ ላይ እየገፉ «እኔ እዚህ ነበርኩ፣ እሱ በዚህ መጣ» ሲሉ ያዩዋቸዋል። ማስረጃ ሲሰማ ከሳሽም ተከሳሽም የመገኘት መብት አላቸው፤ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ከሳሽም ይጠንቀቅ፦ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ከተገኘ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ዳኞች ራሳቸው ውሃው ላይ የሚከታተሉት ጥፋት ግን አለ፦ ሰውነትን እየወዘወዙ ጀልባን ያለ ነፋስ መግፋት። ቢጫ ባንዲራ ይወጣበታል።

እ.ኤ.አ. በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ፣ ካናዳዊው ሎረንስ ለሚዩ ሁለተኛ ሆኖ ሲቀዝፍ... ይቅርታ፣ በሸራ ሲበር፣ ጀልባቸው የተገለበጠባቸውን ሁለት ሲንጋፖራውያን አይቶ መስመሩን ትቶ አዳናቸው። 22ኛ ወጣ። ዳኞቹ ግን ሲረዳቸው የነበረበትን ሁለተኛነት መለሱለት። ልግስና አይምሰልዎት፤ በአደጋ ላይ ያለን መርዳት የደንቡ የመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ በዚህ ምክንያት ለተጎዳ ጀልባም ካሳ ይፈቅዳል።

እ.ኤ.አ. በ2008ቱ ኦሎምፒክ ደግሞ በቻይና ቺንግዳኦ የዴንማርኮቹ ዮናስ ዋረርና ማርቲን ኪርኬቴርፕ ከመጨረሻው ውድድር በፊት የጀልባቸው ምሰሶ ተሰበረ። የክሮኤሽያኖቹን ጀልባ ተውሰው፣ ዘግይተው ገብተው ወርቁን ወሰዱ። «በሰው ጀልባ!» ተብሎ ክሱ እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ዘለቀ፤ ወርቁ ግን ከእጃቸው አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ዋንጫ፣ ኦራክል የተባለው ቡድን ቀደም ባለ ውድድር ትንንሽ ጀልባዎቹ ላይ ያልተፈቀደ ክብደት በመጨመሩ 2 ነጥብ ተቀንሶበት ከዜሮ በታች ጀመረ። ዋንጫውን ለማግኘት 9 ሳይሆን 11 ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት። 8 ለ 1 ከተመራ በኋላ 9 ለ 8 አሸነፈ።