ያውቁ ኖሯል? ጓሳ ሣርና የስልክዎ ቺፕ

የስልክዎ ቺፕ የተሠራበት ሲሊከን በመንዝ የጓሳ ሣር ቅጠል ውስጥም ይገኛል።

▪ የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ደጋ ነው። ሣሩ በአፈሩ ውሃ የሟሟውን ሲሊከን በሥሩ ይመጥና በቅጠሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ቅንጣቶች አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሲሊካ የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር ነው። ሣር በል እንስሳት ጥርሳቸው ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ሣር ግጦ የሚኖረው ጭላዳ ከሌሎች ዝንጀሮዎች ይልቅ ቁመታቸው ረዘም ያለ መንጋጋ ጥርሶች አሉት።

▪ ቺፕ የሚሠራው ግን ከሣር ሳይሆን ከኳርትዝ ድንጋይ ከሚወጣ ሲሊከን ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሲሊከን እስከ 99.9999999 በመቶ ድረስ ይጣራል።

▪ ከሲሊከን የፈጠነ ቺፕ ለመሥራት ሌሎች ቁሶች እየተሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ከግራፊን የተሠራ ሴሚኮንዳክተር ይፋ አድርጓል። ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። ኤሌክትሮኖች በዚህ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ ያላቸው የመንቀሳቀስ አቅም ከሲሊከን 10 እጥፍ ይበልጣል። ንጣፉ የተዘጋጀው ሲሊከንና ካርቦን ከተዋሃዱበት ሲሊከን ካርባይድ ላይ ነው።