ሙዚቀኛው ቤቱ በምን ይገባል?

አዲስ አበባ ውስጥ የምሽት ቤት ባንድ ሥራውን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ባቡሩ ቆሟል፣ አንበሳ አውቶቡስ ገብቷል፣ ሚኒባስም የለም። ጊታር በጀርባው ያዘለ፣ ኪቦርድ በክንዱ ያቀፈ ሰው ግን አስፋልት ዳር ቆሟል። ስለ ቅጂ መብትና ስለ ክፍያ ብዙ ይባላል፤ ሙዚቀኛውና ዕቃው በምን ሄደው በምን እንደሚመለሱ ግን እንደ ቁም ነገር ሲነሣ ብዙም አንሰማም። የምንሰማውን ሙዚቃ ዓይነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ድሮ ጭንቀቱ የመሥሪያ ቤት ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ይነፉ የነበረው ለመንግሥት ነው። በኋላ የተቋቋሙት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም እንዲሁ፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ ሳክስፎኑም መኪናውም የመንግሥት። ይህ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀ መሣሪያውን ጥሎ ይወጣል። የምሽት ክበቦች ሲበዙም ዕቃውን የሚገዛው ብዙ ጊዜ የክበቡ ባለቤት ነበር። ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ ይዞ መሥራቱ ትልቅ እርምጃ የሆነው ለዚህ ነው፤ ዕቃው የራሱ የሆነ ባንድ ቤት መርጦ ይሠራል።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ መውጣት ስለማይቻል፣ ሂልተንን በመሳሰሉ ቤቶች ታዳሚው በሩ ተዘግቶለት እስኪነጋ ይቆያል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ መዘጋቱ የሙዚቃውን ሌሊት አረዘመው።

ባንዱ ራሱም እያነሰ ሄደ። ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው የቀሩት ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ በ1977 ዓ.ም. ገደማ አንድ ካሴት በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን ለብቻቸው ቀረጹ። በኋላም ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ፣ በደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከኋላ ዕቃ መጫኛው አውጥተው መኪናቸው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። በአገር ቤትም ወደ አንድ ሰው ባንድ እየሄድን ነበር። ነፋሾቹ ቀሩ፣ ድራሙ ወደ ማሽን ገባ፣ ባንዱ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ሆነ። ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ግን ስድስት ሰው ከነዕቃው ማመላለስ ራሱ ገንዘብ ነው።

ዛሬ ዕቃው በአብዛኛው የሙዚቀኛው ነው፤ ሸክሙም የሱው። ድራመሩ ሲምባሉን፣ ፔዳሉንና ዱላውን ብቻ ይዞ የቤቱን ድራም ይመታል። ኪቦርዲስቱ ይለያል። ባለ 61 ቁልፉ ኪቦርድ ቪትዝ የኋላ ወንበር ላይ ይተኛል። ባለ 88ቱ ግን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተጋድሞ በሰያፍ ካልሆነ አይገባም፤ ያኔ ደግሞ ጓደኛን ይዞ መሄድ ቀረ። ስለዚህ ብዙዎች ድምፁ የሚያምረውን እቤት ትተው የሚጫነውን ይዘው ይወጣሉ። አምፕሊፋየር ያየ ሾፌር «ይሄማ ጭነት ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይም ትቶ ይሄዳል።

ከዚያ በሩ አለ። ዕቃ ሆቴል ሲገባ ጥበቃው እየቆጠረ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ሲወጣ ያመሳክራል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የመዘገበው ጥበቃ ሌሊት ፈረቃ ቀይሮ ሄዷል። ተረኛው ባትሪ አብርቶ የባልደረባውን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ይታገልና «አንድ ስታንድ በዝቷል» ይላል። ስታንዱ ከኬብሉ ጋር ተጠቅልሎ ስለገባ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ኃላፊው ተቀስቅሶ እስኪመጣ የተጠራው መኪና ጠብቆ ጠብቆ ይሄዳል። ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው፤ ሙዚቀኛው ግን ሌላ መኪና ፍለጋ ይጀምራል።

ለትልቅ ኮንሰርት ስፒከሩ በአይሱዙ ሲመጣ ደግሞ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ይጠብቁታል። ባለንብረቱ በራሱ ሰው ላውርድ ቢል ጭቅጭቅ ነው፤ ለእነሱ ከተወው ሚክሰሩ እንደ ሲሚንቶ ይወረወራል።

ለሴት ድምፃውያን ነገሩ ከድካም ያልፋል። በዚያ ሰዓት የማያውቁት መኪና ውስጥ ብቻን መግባት አለ፤ «ላድርስሽ» የሚል ደንበኛ አለ፤ እምቢ ሲሉት የሚያኮርፍ ደንበኛ የነገ ሥራ ላይ ጣጣ ያመጣል። በብዙ ሆቴሎች አስተናጋጁና ወጥ ሠሪዋ በሰርቪስ ቤታቸው ይገባሉ። ሙዚቀኛዋ ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆነች ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር የነበረው ካዛንቺስ ይህን ችግር በእግር ይፈታው ነበር። ማሲንቆ በብብት ይያዛል፤ ቤቱም ቅርብ ነበር። ፈንዲቃ በተባለው አዝማሪ ቤት የሚታወቀው መላኩ በላይ በወጣትነቱ ከሚሠራበት ባንኮኒ ሥር ያድር እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ዳር ሰፈሮች ሄደ። በእግር አምስት ደቂቃ የነበረው መንገድ የኮንትራት መኪና የሚጠይቅ ሆነ፤ በሽልማት ለሚኖር አዝማሪ ደግሞ ያ የሌሊት ሒሳብ ቀላል አይደለም።

ክፍለ ሀገር መውጣትም ጠቧል። ባንዱ ዕቃውን አባዱላ ላይ ጭኖ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ባሕር ዳር የሚገባበት ጉዞ በጸጥታው ምክንያት አስፈሪ ሆኗል። የሚችል ድምፃዊ ለብቻው በአውሮፕላን ሄዶ እዚያ ባገኘው ባንድ ይዘፍናል፤ አብረውት ወራት የተለማመዱት ልጆች አዲስ አበባ ይቀራሉ።

ብዙው ነገር ከሙዚቀኞች አቅም በላይ ነው፤ ይህ ግን አይደለም፦ በውሉ ላይ ማን መኪና እንደሚያቀርብ፣ በስንት ሰዓት፣ የሚጠብቅበትንስ ማን እንደሚከፍል መጻፍ። ችግሩ ይህን ለብቻው የጠየቀ ሰው «አስቸጋሪ» ተብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የሚጠራበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለሆቴል ባለቤቶችና ለአዘጋጆች ማቅረብ ያለባቸው የሙዚቀኞች ማኅበራት ናቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ቀላል ነው፤ ለአስተናጋጆቹ የተመደበው ሰርቪስ በመንገዱ ያሉትን ሙዚቀኞች ከነዕቃቸው ይጫን፣ ስማቸውም ዝርዝሩ ላይ ይግባ።